ዝምታ የገዛው አልጀብራ

በ1880ዎቹ በሰሜን ለንደን፣ ካምደን በሚባለው ሰፈር፣ ወደ 500 የሚጠጉ ልጃገረዶች የሚማሩበት ኖርዝ ለንደን ኮሊጂየት የሚባል ትምህርት ቤት ነበር። ደንቡ ተቆጥሮ አያልቅም። ወደ ትምህርት ቤት ስትመጪ ዝናብ እንዳይመታሽ። መንገድ ላይ ከሦስት በላይ ሆናችሁ ጎን ለጎን እንዳትሄዱ። የእርሳስ ሣጥንሽ ከእጅሽ እንዳይወድቅ። መጽሐፍ ቤት ረስተሽ እንዳትመጪ። የጫማ ከረጢትሽን በአንዱ ማንጠልጠያ ብቻ እንዳትሰቅዪ። ደረጃ ላይ መሮጥ የለም፤ ክፍል ውስጥ ማውራት የለም። ይህን ዝርዝር ያቆየችልን ሞሊ ሂዩዝ ናት። በ1883 ገና በ16 ዓመቷ እዚያ ገብታ ተማረች፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም የልጅነት ትዝታዋን በመጽሐፍ አሳተመች። ለንደን ውስጥ «ዝናብ እንዳይመታሽ» ብሎ ደንብ ማውጣት፣ አዲስ አበባ ላይ በነሐሴ ጭቃ አትርገጪ እንደማለት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ዛሬ ይህን ያነበበ ሰው «ትምህርት ቤት ነው ወይስ ወህኒ ቤት?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን የጫማ ከረጢታቸውን በሁለት ማንጠልጠያ የሚሰቅሉት እነዚያው ልጆች አልጀብራና ላቲን ይማሩ ነበር። ወንዶች የሚቀመጡበትን የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፈተና በዚያው የጥያቄ ወረቀት ይፈተናሉ። ጂምናስቲክ ይሠራሉ። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። እናቶቻቸው ይህን በሕልማቸውም አላዩትም። ታዲያ በዘመኑ አዲስ የሆነው ትምህርትና ከሁሉ የጠበቀው ሥርዓት እንዴት በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው ኖሩ?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ዘመኑ እንዲያ ነበር» የሚል ነው። የቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ወግ አጥባቂ ስለነበረ፣ ለውጥ ፈላጊዎቹም ከዘመናቸው አላመለጡም ይባላል። ይህ ሙሉ በሙሉ ስህተት ባይሆንም ብዙ አያስረዳም። ደንቦቹን አንድ በአንድ፣ ከወላጆች ሥጋት ጎን አስቀምጦ ላያቸው ሰው ሌላ ነገር ይታየዋል። ጥብቁ ሥርዓት ለአዲሱ ትምህርት የተከፈለ ዋጋ ነበር። ርዕሰ መምህራኑ ለአባቶች «ልጃችሁን ከላካችኋት ይልቅ ጨዋ አድርገን እንመልስላችኋለን» ብለው ቃል ገቡ፤ በዚያ ቃል ከለላ አልጀብራውን አስገቡ።

ዋጋው ለምን ያን ያህል ከበደ? ይህን ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። እስከ 1860ዎቹ ድረስ የመካከለኛው መደብ ሴት ልጅ የምትማረው ወይ ቤት ውስጥ በተቀጠረች አስተማሪ፣ ወይ አንዲት ወይዘሮ በመኖሪያ ቤቷ በምትከፍተው ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርቱ ፒያኖ፣ ጥቂት ፈረንሳይኛ፣ ሥዕል፣ ጥልፍ፣ ዳንስና አቀማመጥ ነው። ለዕውቀት የሚባለው ደግሞ ከጥያቄና መልስ መጽሐፍ ይሸመደዳል። ከሁሉ የታወቀው ሪችማል ማንግናል የምትባል አስተማሪ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ያዘጋጀችው ሲሆን፣ የጥንት ነገሥታትም የሸቀጥ ዓይነቶችም የከዋክብት ስምም በአንድ መጽሐፍ ተደባልቀው ይገኙበታል። ልጅቱ መልሱን በቃሏ ትወጣዋለች፤ ለምን ብላ አትጠይቅም፤ የሚጠይቃትም የለም።

መንግሥት በ1864 የመካከለኛውን መደብ ትምህርት ቤቶች የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመ። በሰብሳቢው ስም የቶንተን ኮሚሽን ይባላል። መጀመሪያ ሴቶችን የማየት ሐሳብ አልነበረውም፤ ኤሚሊ ዴቪስ የተባሉ የአንድ ቄስ ልጅ ወትውተው ነው ያስገቡት። በ1868 የወጣው ሪፖርት በሴቶች ትምህርት ላይ ምሕረት የለሽ ነበር። መሠረት የለውም፣ ሥርዓት የለውም፣ ለይምሰል ያጌጠ ነው፣ ለጌጣጌጡ ሙያ የሚጠፋው ጊዜ ከልክ ያለፈ ነው ሲል ፈረደ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ዓይነት ነበር። ገንዘቡም የት እንደሚሄድ ታየ። ክራይስትስ ሆስፒታል የሚባለው የለንደን ጥንታዊ የበጎ አድራጎት ትምህርት ቤት ለወንድም ለሴትም ልጅ ተብሎ የተቋቋመ ነው። ኮሚሽኑ ሲቆጥር ወንዶቹ ከሺህ በላይ፣ ሴቶቹ 18 ሆነው ተገኙ።

ለዚህ ኮሚሽን ቀርበው ከመሰከሩት ሴቶች መካከል የዚህ ታሪክ ሁለት ዋና ሰዎች ይገኛሉ። አንደኛዋ የኖርዝ ለንደን ኮሊጂየት መሥራች ፍራንሲስ ሜሪ ባስ ናቸው። አባታቸው ሠዓሊ ነበሩ፤ ሠዓሊነቱ ግን ቤተሰቡን አጥግቦ ስለማያሳድር ልጅቱ በ14 ዓመታቸው ማስተማር ጀመሩ። ትምህርት ቤቱን በ1850 በ35 ተማሪዎች ሲከፍቱ ገና 22 ዓመታቸው ነበር። ሁለተኛዋ ዶሮቲያ ቢል ናቸው። በ1858 የቼልተናም ሌዲስ ኮሌጅን ሲረከቡ 69 ተማሪዎች ብቻ የቀሩት፣ ሊዘጋ አንድ ሐሙስ የቀረው ትምህርት ቤት ነበር። ሁለቱም አላገቡም። በዚህም የተነሳ የሁለቱን ስም አጣምሮ የሚቀልድ ግጥም ወጥቶባቸው እንግሊዝ አገር እስከ ዛሬ ይታወሳል። በወጣትነታቸው ሁለቱም በ1848 ለንደን ላይ የተከፈተው ኲንስ ኮሌጅ ተምረዋል። ከዚያ ውጭ ግን ጠባያቸው ለየቅል ነበር። ባስ ቶሎ ቱግ የሚሉ፣ ቶሎ የሚራሩ፤ ቢል ደግሞ ረጋ ያሉ፣ ምሥጢራዊ፣ መነኩሴ ቢጤ።

ሚስ ቢል ለኮሚሽኑ የሰጡት ምስክርነት ይህን ሁሉ ድርድር በግልጽ ያሳያል። ሂሳብን ገና ከመጀመሪያው አስገብተው ቢሆን ኮሌጁ ይሞት እንደነበር ተናገሩ፤ ስለዚህ ጠበቁ። ሳይንስ ማስተማር ሲፈልጉ «ሳይንስ» አላሉትም። በተፈጥሮ ጂኦግራፊ ጀመሩ፤ ተራራን፣ ባሕርን፣ ነፋስን። ለምን ጂኦግራፊ? ያን ጊዜ ወንዶች ልጆች እምብዛም አይማሩትም ነበርና ማንም አባት «ልጄን ወንድ አደረጋችኋት» ብሎ ሊከስ አይችልም። አንድ አባት ሚስ ቢልን «ሴት ልጆቼ የባንክ ሠራተኞች የሚሆኑ ቢሆን ይህ የሂሳብ ትምህርት ደግ ነበር፤ ግን ምን ያደርግላቸዋል?» እንዳላቸው ይነገራል። ሴትዮዋ ከዚህ ሰው ጋር ሙግት አልገጠሙም። ልጆቹን በዝምታ እያሰለፉ፣ በጨዋነት እያስመሰገኑ፣ በዓመቱ ጥቂት ተጨማሪ ሂሳብ ያስገቡ ነበር።

በዚህ ዓይን ስናየው የትምህርት ሰዓቱም ትርጉም ያገኛል። በነዚህ አዳዲስ ቀን ትምህርት ቤቶች ዋናው ትምህርት የሚሰጠው ጠዋት ብቻ ነው። በእኛ ሰዓት ከሦስት ሰዓት ገደማ ይጀምርና ከሰባት እስከ ሰባት ተኩል ባለው ያበቃል። ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ለሙዚቃ፣ ለዳንስ፣ ለቤት ሥራና ለእናት የተተወ ነው። የመካከለኛው መደብ እናት ከሰዓት በኋላ እንግዳ ትቀበላለች፣ እሷም ጥየቃ ትሄዳለች፤ ልጅቱ ከጎኗ መታየት አለባት። ደግሞም ልጅቱ ለምሳ ተመልሳ እንደገና ብትመጣ በቀን አራት ጊዜ መንገድ ላይ ትታያለች። ግማሽ ቀን ማስተማር ማለት እንግዲህ «ግማሹ ቀን የእኛ፣ ግማሹ የእናንተ» የሚል ውል ነበር። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ በዚያ ግማሽ ቀን ውስጥ የታጨቀው ነው፤ ዕረፍቱ አጭር፣ ትምህርቱ በላይ በላዩ። ሰዓቱ የጠበበው ወላጆችን ለማስደሰት ሲሆን፣ ዝምታውና ሰልፉ የጠበበው ሰዓት እንዳይባክን ያግዛል።

ዝምታው ግን ሌላም ሥራ ነበረው፤ እኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል። አዲሶቹ ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝ የሴቶች ትምህርት ከዚያ በፊት እምብዛም ያልተሞከረ ነገር ያደርጉ ነበር። የሐኪምን ልጅ፣ የጸሐፊን ልጅና የባለሱቅን ልጅ በአንድ አግዳሚ ወንበር ያስቀምጡ ነበር። በእንግሊዝ የመደብ ልዩነት በአነጋገር ይታወቃል፤ አንዲት ልጅ አፏን በከፈተች ቅጽበት አባቷ ምን እንደሚሠራ ይገለጣል። የሐኪሙ ሚስት የምትፈራው አልጀብራውን ብቻ አይደለም፤ ልጇ የባለሱቁን ልጅ አነጋገር ይዛ እንዳትመጣ፣ ይባስ ብላ ጓደኛ አድርጋ ለሻይ እንዳትጋብዛት ትፈራለች። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሁለት ልጆች አብረው ወደ ቤት ለመሄድ የወላጆቻቸው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር። ክፍል ውስጥ ማውራት ሲከለከል፣ ኮሪደር ላይ ማውራት ሲከለከል፣ መንገድ ላይ በቡድን መሄድ ሲከለከል፣ የሁለት መደብ ልጆች አብረው ይማራሉ፤ ግን «አይተዋወቁም»። ወላጅ ያረፈው በዚህ ነው።

ቼልተናም ይህን ችግር በሌላ መንገድ ነበር የፈታው፤ የነጋዴ ልጅ አይቀበልም። ወላጅ ማን እንደሆነ የሚመሰክር ሰው ማቅረብ ግድ ነበር። የሚስ ባስ ትምህርት ቤት ግን በሩን ክፍት አደረገ፤ ሃይማኖትም አልለየም። ስለዚህም ደንቡ ከቼልተናም ይልቅ የተንዛዛ ቢሆን አያስደንቅም። በሩ በሰፋ ቁጥር ደንቡ ይበዛል። ይህን ሚዛን ያልተረዳ ሰው ሚስ ባስን የደንብ ሱሰኛ አድርጎ ይስላቸዋል፤ እኒያው ሴት በ1871 የግል ንብረታቸው የነበረውን ትምህርት ቤት ለባለአደራ ቦርድ አስረክበው ደመወዝተኛ እንደሆኑ፣ በዚያው ዓመትም አነስተኛ ክፍያ የሚጠየቅበትን የካምደን ትምህርት ቤት እንደከፈቱ ይረሳል።

መርፌውም የዚያው ውል አካል ነበር። ኖርዝ ለንደን ኮሊጂየት የምትገባ ልጅ የልብስ ቁልፍ ማስገቢያ ቀዳዳ በክር አሳምራ መጥለፍ ይጠበቅባታል። ሞሊ ሂዩዝ ከትምህርቱ ይልቅ ያስቸገራት ይህ ነበር። ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል። ነገር ግን «የተማረች ሴት ቁልፍ መትከል እንኳ አትችልም» የሚለው ፌዝ በየጋዜጣው በሚወጣበት ዘመን፣ የትምህርት ቤቱ ልጅ ሁሉ ቀዳዳውን አሳምራ እንደምትጠልፍ መናገር መቻል ትንሽ ነገር አልነበረም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ዓላማ ነው ቢሉ፣ መልሱ ፈተና ነው። ኤሚሊ ዴቪስ የካምብሪጅን የአካባቢ ፈተናዎች ለሴቶች ለማስከፈት ተሟገቱ። ዩኒቨርሲቲው በ1863 ጥቅምት ላይ ለሙከራ ብቻ ሲፈቅድ ለመዘጋጃ የቀረው ስድስት ሳምንት ገደማ ነበር። 83 ልጃገረዶች ተሰባስበው በታኅሣሥ ለንደን ላይ ተፈተኑ፤ 25ቱ የሚስ ባስ ተማሪዎች ነበሩ። ውጤቱ ሲመጣ በእንግሊዝኛና በሌላው ጥሩ ሆነው ሂሳብ ላይ ወደቁ። ከ40ዎቹ ከፍተኛ ተፈታኞች 34ቱ ሂሳብን አላለፉም። ተቃዋሚዎች «ብለን ነበር፤ የሴት አእምሮ ለቁጥር አልተፈጠረም» ለማለት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኙም ነበር። ርዕሰ መምህራኑ ግን ጥፋቱን በአስተማሪው ላይ ጣሉ። ልጆቹ ሂሳብ የወደቁት በደንብ ተምረው ስለማያውቁ ነው አሉ፤ አስተማሪዎቹም ራሳቸው ተምረው ስለማያውቁ። ፈተናው በ1865 በይፋ ለሴቶች ሲከፈት ያ ዓይነት ውድቀት አልተደገመም። የፈተናው ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ፣ የተማሪዋን ስም የማያውቅ፣ ለአባትም ለእናትም የማያዳላ ዳኛ ተገኘ። «ሴት ልጅ ትችላለች» ብሎ መከራከር ቀረ፤ ውጤት ማሳየት ብቻ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተስፋፋ። በ1869 የወጣ ሕግ የድሮ የትምህርት ውርሶች ለሴቶችም እንዲውሉ በር ከፈተ። በ1872 ማሪያ ግሬይና ባልደረቦቿ አንድ የአክሲዮን ኩባንያ አቋቋሙ፤ ሥራው የሴቶች ቀን ትምህርት ቤቶችን መክፈት ነው። የመጀመሪያው በ1873 መጀመሪያ ቼልሲ ላይ ተከፈተ፤ ምዕተ ዓመቱ ሲያልቅ ኩባንያው ከ30 በላይ ትምህርት ቤቶች ነበሩት። እዚህም ከለላ አልተረሳም፤ የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ልዕልት ሉዊዝ የንቅናቄው የበላይ ጠባቂ ነበሩ። ንግሥቲቱ ራሳቸው የሴቶችን መብት ጥያቄ አምርረው የሚጠሉ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው፣ የልዕልቲቱ ስም በአናቱ ላይ መኖሩ ምን ያህል አባቶችን እንዳረጋጋ መገመት ይችላል።

ቀጥሎ የመጣው ጥቃት ግን ከጨዋነትም ከመደብም የባሰ ነበር፤ ከሕክምና መጣ። በ1874 ሄንሪ ሞድስሊ የሚባሉ የታወቁ የአእምሮ ሐኪም አንድ ጽሑፍ አወጡ። የሰው ጉልበት ውስን ነው፤ በጉርምስና ዕድሜ የሴት ሰውነት ለእናትነት የሚዘጋጅበትን ጉልበት ጭንቅላት ከወሰደው ልጅቱ ታማሚና መካን ትሆናለች የሚል ነው ባጭሩ። የዚያ ዘመን አባት ይህን ከሐኪም አፍ ሲሰማ ምን ይሆናል? መልስ የሰጡት በእንግሊዝ የሕክምና ፈቃድ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ኤልዛቤት ጋሬት አንደርሰን ነበሩ። የቤት ሠራተኞች በወሩ በየትኛውም ቀን ከባድ ሥራ ይሠራሉ፣ ያኔ ግን ስለ ሴት ልጅ ድካም የሚጨነቅ ሐኪም አይታይም አሉ። ከትምህርት ይልቅ ወጣት ሴቶችን የሚያሳምመው ሥራ ፈትነትና መሰላቸት መሆኑንም ጨመሩ። በ1890 ደግሞ ኤሌኖር ሲጅዊክ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ሴት ተማሪዎችን ጤና ከራሳቸው እህቶች ጋር አነጻጽረው አሳተሙ፤ የተማሩት ካልተማሩት እህቶቻቸው የባሰ አልታመሙም፤ እንዲያውም ሻል ያሉ ነበሩ።

ርዕሰ መምህራኑ ግን የስታቲስቲክሱ መልስ እስኪመጣ አልጠበቁም። እርጥብ እግር የሚከለክለው ደንብ እንግዲህ እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል። አንዲት ተማሪ በእርጥብ ጫማ ተቀምጣ ጉንፋን ይዟት አልጋ ላይ ብትወድቅ፣ ጥፋተኛው ዝናቡ አይሆንም፤ አልጀብራው ነው። አንድ ጉንፋን ለሞድስሊ ማስረጃ ነበር። ስለዚህም ነው ጫማ የሚቀየረው፣ ለጫማው ከረጢት የተዘጋጀው፣ ከረጢቱም በወጉ የሚሰቀለው። ከዚያም አልፎ ሚስ ባስ ጂምናዚየም አሠሩ፤ ልጆቹም በሴት ሐኪም እንዲመረመሩ አደረጉ። ማርቲና በርግማን ኦስተርበርግ የምትባል ስዊድናዊት በ1885 ለንደን ሐምስቴድ ላይ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪዎችን የሚያሠለጥን ኮሌጅ ከፈተች። ከሷ የወጡ አስተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ ልጆቹን ኮርሴት አስወልቀው፣ ሰፋ ያለ አጭር ቀሚስ አስለብሰው፣ በገመድና በእንጨት መሰላል ላይ ያንጠለጥሏቸው ጀመር።

ስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ከተማ በ1877 የተከፈተው ሴንት ሊዮናርድስ አዳሪ ትምህርት ቤት በዚህ ከሁሉ ቀደመ። የመጀመሪያዋ ርዕሰ መምህርት ሉዊዛ ላምስደን በ1869 ኋላ ገርተን በተባለው የካምብሪጅ ሴቶች ኮሌጅ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ አምስት ተማሪዎች አንዷ ነበሩ። ሰሜን አሜሪካ ሄደው የአገሬው ተወላጆች የፈጠሩትን ላክሮስ የተባለ የኳስና የመረብ ዱላ ጨዋታ አይተው ወደዱት፤ በ1890 የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች መጫወት ጀመሩ። ከዚያ የሴቶች ላክሮስ በብዙ የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተዛመተ። ሮጦ መጮህ ደረጃ ላይ የተከለከለ፣ ሜዳ ላይ ግን ግዴታ ሆነ። አጥሩ እስካለ፣ አላፊ አግዳሚ እስካላየ ድረስ።

እስካሁን የተናገርነው ግን አባቱ ክፍያ መክፈል ስለሚችል ልጅ ብቻ ነው። በ1870 በወጣው ሕግ የተከፈቱት የሕዝብ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የድሃ ልጅ ሌላ ነገር ነበር የሚጠብቃት። ትምህርት በ1880 ግዴታ፣ በ1891 ደግሞ በአብዛኛው ነጻ ሆነ። ስፌት ለሴቶች ግዴታ ነው፤ ወንዶቹ ሂሳብ በሚሠሩበት ሰዓት ሴቶቹ ይሰፋሉ፤ ስለዚህም በሂሳብ ከሴቶቹ የሚጠበቀው ዝቅ ያለ ነበር። በ1882 መንግሥት ምግብ ማብሰል ለሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ድጎማ መስጠት ጀመረ፤ በ1890 ልብስ ማጠብ ተጨመረ። 60 እና ከዚያ በላይ ተማሪ በያዘው ክፍል ውስጥም ዝምታ ነበር፤ ያ ዝምታ ግን የገዛው አልጀብራ አይደለም። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴቶች በቤት ሠራተኝነት ያድሩ ነበር፤ ትምህርት ቤቱም የሚያዘጋጀው ለዚያው ነበር። በቼልተናም አልጀብራ የምትማረው ልጅ ከሰዓት በኋላ ነጻ የምትሆነው፣ ቤት ውስጥ ሌላ የዕድሜ እኩያዋ ምድጃውን ስለምታጸዳ ነው። ታላላቆቹ ርዕሰ መምህራን ይህን አላነሱትም ማለት ይቻላል። ውለታቸው ትልቅ ቢሆንም ይህ መታለፍ የለበትም።

በመማሪያ ፕሮግራሙ ላይ ያልተጻፈ አንድ ትምህርት ግን በእነዚያ ጸጥ ባሉ ክፍሎች ይሰጥ ነበር። ልጅቱ ፊት ለፊት የምታያት አስተማሪ ባል የላትም፣ ደመወዝ አላት፣ የራሷ ክፍል የራሷ መጻሕፍት አሏት። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1878 ዲግሪውን ለሴቶች ከከፈተ ወዲህ ባለዲግሪም ልትሆን ትችላለች። ከዚያ በፊት ልጅቱ የምታውቃቸው ያላገቡ ሴቶች ወይ በወንድሟ ቤት ተጠግታ የምትኖር አክስት፣ ወይ ከቤተሰቡም ከሠራተኞቹም ማዕድ ያልሆነች የቤት አስተማሪ ነበሩ። ሚስ ባስን ለትምህርት ቤት ያነሳሳቸውም ይህ ነበር፤ ትዳር ይጦራታል ተብላ ያደገች፣ አባቷ ሲሞት ግን ያለ ሙያ ሜዳ ላይ የምትቀር ሴት ዕጣ። ሞሊ ሂዩዝ በደንቡ ብዙ ተማርራ ስታበቃ፣ ሚስ ባስ በ1885 እንዲከፈት የረዱት የካምብሪጅ የአስተማሪዎች ማሠልጠኛ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ሆነች፤ አስተማሪም ሆና ኖረች።

አንዳንዶቹ ደግሞ ከታሰበላቸው በላይ ሄዱ። በእነ ማሪያ ግሬይ ኩባንያ የኬንሲንግተን ትምህርት ቤት የተማረችው ኤሚሊ ዴቪሰን በ1913 ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትል በንጉሡ ፈረስ ፊት ገብታ ሞተች። በ1890ዎቹ በማንችስተር የሴቶች ሃይ ስኩል ከተማሩት አንዷን ደግሞ እኛ በቅርብ እናውቃቸዋለን። ሲልቪያ ፓንክረስት ለሴቶች ድምፅ ሲሉ ደጋግመው ታሰሩ፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን ከወረረ በኋላ በ1936 ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለውን ጋዜጣ መሠረቱ፤ በ1960 አዲስ አበባ ላይ አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ሥርዓትን በዝምታ የሚያስተምር ትምህርት ቤት እንዲህ ያሉ ሥርዓት የሚያፈርሱ ሴቶችን ማፍራቱ የሚጋጭ ነገር አይመስለኝም። «መልሱ ይህ ነው» ብሎ ከማስሸምደድ ይልቅ «አረጋግጪ» የሚል ትምህርት ለአንዲት ልጅ ከተሰጣት በኋላ፣ የት ላይ ማረጋገጥ እንደምታቆም የሚወስንላት ሰው አይኖርም።

ሚስ ባስ በ1894 በገና ዋዜማ አረፉ። ሚስ ቢል እስከ 1906 ኖሩ፤ በእርጅናቸው ባለሦስት ጎማ ብስክሌት ይነዱ ነበር ይባላል፤ 69 ተማሪ ይዘው የተረከቡት ኮሌጅ ሲያርፉ ወደ ሺህ ደርሶ ነበር። በእነሱ በኩል ውሉ ተከብሯል። ልጆቹ ጨዋ ሆኑ፣ አልታመሙም፣ ፈተናውን አለፉ። ሌላው ወገን ግን ዕዳውን ለመክፈል አልቸኮለም።

በ1887 ከሴንት ሊዮናርድስ የወጣችው አግናታ ራምዚ በካምብሪጅ የግሪክና የላቲን ፈተና ወንዶቹን ሁሉ በልጣ አንደኛ ሆነች። በ1890 በኩባንያው የክላፓም ትምህርት ቤት የተማረችው ፊሊፓ ፎሴት በዩኒቨርሲቲው ከባዱ በሆነው የሂሳብ ፈተና ከወንዶቹ አንደኛ 13 በመቶ በልጣ ተገኘች፤ ሴቶች በወንዶቹ ተርታ ስለማይቆጠሩ ስሟ «ከአንደኛው በላይ» ተብሎ ተነበበ። ዲግሪ ግን አልተሰጣትም። በ1897 ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች ዲግሪ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ ብሎ ድምፅ ሲያሰጥ ከ1,700 በላይ የሚሆኑት ተቃወሙ፤ የደገፉት 660 ገደማ ነበሩ። በዕለቱ ወንዶቹ ተማሪዎች ብስክሌት ላይ የተቀመጠች የሴት አሻንጉሊት ሠርተው ከድምፅ መስጫው ፊት ለፊት ካለ ሕንፃ ላይ ሰቅለው ነበር። ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ የሰጠው በ1948 ነው። ፊሊፓ ፎሴት በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በ80 ዓመቷ ሞተች።